ቁልቁል ወደ ምጽዋ

አስመራ ላይ ማለዳ ካፖርት ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ነፋሲትን ሲያልፍ ካፖርቱን አውልቆ ጭኑ ላይ ያደርጋል። ጊንዳዕ ሲደርስ ሹራቡም ይከተላል። ምጽዋ ሲገባ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ቀይ ባሕር ዳር ላይ በሚያበቃ ቁልቁለት። የአስመራ ሰው፣ በኋላም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣው እንግዳ፣ ከወዳጁ ጋር በዚህ መንገድ ወርዶ፣ ባሕር ገብቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ማታ ወደ ብርዱ ይመለስ ነበር።

ከዚህ የቀለለ ደስታ ያለ አይመስልም። ታሪኩን ወደኋላ ሄዶ ለሚያይ ሰው ግን ይህች የአንድ ቀን ሽርሽር በብዙ ድካም የተገኘች ናት። የሚጠጣ ውሃ፣ ደሴቱን ከየብስ የሚያገናኝ መሸጋገሪያ፣ ተራራውን የሚወርድ ሐዲድ፣ ሁለት ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ እንዲቀመጡ የሚፈቅድ ሕግ፣ ከዚያም ሰላም ያስፈልጋት ነበር። እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ የተገኙት ለጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ ነው።

ከደጋው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ መውረድ በራሱ ጥንታዊ ልማድ ነው። የሐማሴን ገበሬ በየዓመቱ ከብቱን እየነዳ ወደ ምሥራቁ ተዳፋት ይወርድ ነበር፤ ዛሬም የሚወርድ አለ። ምክንያቱ ዝናብ ነው። ደጋው ዝናቡን የሚያገኘው በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ባሕሪ ተብሎ የሚጠራው ተዳፋት ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከቀይ ባሕር በሚነሣው እርጥብ አየር ይርሳል። ደጋው ላይ ሣሩ ደርቆ አቧራ ሲነሣ፣ ከታች ፍልፍልና ሰለሙና በጉም ተሸፍነው ይለመልማሉ። ገበሬው ከብቱን አብልቶ፣ በዚያው መሬት ላይ ሁለተኛ ሰብል ዘርቶ፣ የደጋው ዝናብ ሲቃረብ ወደ ቀዬው ይወጣል። የሚፈልገው ሣርና እርጥብ መሬት ነበርና እስከ ውሃው ዳር የሚያደርሰው ጉዳይ እምብዛም አልነበረውም።

ባሕሩን ከሩቅ እያዩ ይኖሩ የነበሩት የደብረ ቢዘን መነኮሳት ናቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ፊልጶስ የተመሠረተው ገዳም ከነፋሲት በላይ ባለው ተራራ አናት ላይ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ከዚያ ላይ ቀይ ባሕር ይታያል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1520 የፖርቱጋል መርከቦች ምጽዋ ሲደርሱ፣ ከደጋው ወርደው እንግዶቹን ከተቀበሉት መካከል እነዚህ መነኮሳት ነበሩ። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ጽፎታል። ክርስቲያኖች በባሕር መጡ የሚለውን ወሬ ሰምተው ያን ገደል የወረዱት አባቶች፣ የእንግዶቹን ፊት ለማየት ብለው ብቻ ወደ ባሕር ከወረዱት ደገኞች ሁሉ ቀደም ብሎ ወሬያቸው በጽሑፍ የተያዘላቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከ37 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1557፣ ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ለኦቶማን ቱርክ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ለሦስት መቶ ዓመታት ገደማ ባሕሩ ለደጋው ሰው የተዘጋ በር ሆነ ማለት ይቻላል። በሩን የሚጠብቀው ከደሴቱ ማዶ፣ በየብሱ ሕርጊጎ ላይ የተቀመጠው ናይብ የሚባል የቱርኮች እንደራሴ ነበር። ነጋዴው በሲራራ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ሰም ይዞ ይወርዳል፣ ለናይቡ የሚገባውን ከፍሎ፣ ጨርቁን ገዝቶ፣ ቆላው ወባውን ሳያሳቅፈው ለመመለስ ይቸኩላል። ከግብፅ የሚመጣ ጳጳስም ሆነ ከአውሮፓ የሚመጣ ተጓዥ በዚሁ ሰው ፈቃድ ነው የሚያልፈው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ምጽዋ ደርሶ ወደ ደጋው ጉዞ የጀመረው በኅዳር ነው፤ ሁለት ወር ገደማ ይዘውት ነበር። በዚሁ ቁልቁለት እየተነዱ የወረዱ ባሪያዎችም አሉ። እነሱ ባሕሩን ሲያዩ የመመለሻ መንገድ አልነበራቸውም፤ የምጽዋን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

ደሴቱም ቢሆን እንግዳ ዘና የሚልበት ቦታ አልነበረም። ጉድጓድ ቢቆፈር የሚጠጣ ውሃ አይወጣውም። ኗሪው የዝናብ ውሃ በየቤቱ ባሉ ማጠራቀሚያዎች ይይዛል፣ ያ ሲያልቅ ከሕርጊጎና ከምንኩሉ ጉድጓዶች በስልቻና በጀልባ ይቀርብለታል። ከኮራል ድንጋይ የተሠሩት፣ በእንጨት የተፈለፈሉ ሰገነቶች ያሏቸው የነጋዴ ቤቶች ምንም ያህል ቢያምሩ፣ እቤቱ ውስጥ ያለው ውሃ በልክ ነው። ከደሴቱ ወደ የብስ ለመሻገርም ጀልባ ግድ ነበር።

ይህን የለወጠው ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው። ከረን ኖሮ፣ ከዚያው አገር ሴት አግብቶ፣ ቋንቋውን አውቆ፣ በመጨረሻ ምጽዋን የተረከበውን የግብፁን ኸዲቭ ኢስማኢልን ያገለገለ ሰው ነበር። በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እሱ ገዢ ሳለ ከየብስ ወደ ጥዋለት ደሴት፣ ከጥዋለት ወደ ምጽዋ ደሴት ባሕሩን በድንጋይ የሚሞሉ ሁለት መሸጋገሪያዎች ተሠሩ፤ ከምንኩሉም ውሃ በቦይ ተሳበ። ግብፅ ኢትዮጵያን ለመውረር ባደረገችው ዘመቻ እሱም ጦር ይዞ ሲሄድ፣ በ1875 አውሳ ላይ ከነሚስቱ ተገደለ። ፖለቲካው ከእሱ ጋር ሞተ፤ መሸጋገሪያዎቹ ግን ቀሩ። ዛሬ ወደ ምጽዋ የሚገባ አውቶብስ ሁሉ ባሕሩን ግራና ቀኝ እያሳየ የሚያልፈው እሱ ባሠመረው መሥመር ላይ ነው።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጦር ሜዳ ግብፅን አሸንፈው፣ በሰኔ 1884 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው የሂወት ውል ለአገራቸው ዕቃ በምጽዋ በነፃ የማለፍ መብት አገኙ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በየካቲት 1885፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ወደቡን ያዘች። ቀጥሎ የመጣው ዶጋሊ ነው። በጥር 1887 (እ.ኤ.አ.) የራስ አሉላ ጦር ወደ ሰዓቲ ዕርዳታ ይዞ ይሄድ የነበረውን አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደር ከብቦ ፈጀው። ዶጋሊን ሁሉም ያውቃል። ከዶጋሊ ቀጥሎ የሆነው ግን ብዙ አይወራለትም፤ ጣሊያኖች ለዳግም ዘመቻ ስንቅና ጦር በፍጥነት ማድረስ ስላለባቸው፣ በዚያው ዓመት ከምጽዋ ወደ ሰዓቲ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። በኋላ ፍቅረኞች በመስኮቱ እየተጠጉ ባሕሩን የሚጠብቁበት ባቡር የተፀነሰው በዚህ ቂም ውስጥ ነው።

ሐዲዱ ተራራውን የወጣው እያዘገመ ነው። ጊንዳዕ በ1904፣ ነፋሲት በ1910፣ አስመራ ደግሞ በ1911 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ከሰዓቲ አስመራ ለመድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል ማለት ነው። ስፋቱ 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን ሐዲድ ሲሆን፣ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ 30 ያህል ዋሻዎችንና ከ60 በላይ ድልድዮችን ያቋርጣል። ከነፋሲት በላይ ባለው ገደል ላይ ሐዲዱ በራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ፣ መንገደኛው ቅድም ያለፈበትን ከታቹ ያያል። ያን ድንጋይ የፈለጡት፣ ያን ዋሻ የበሱት በአብዛኛው የአገሩ ልጆች ናቸው።

ባቡሩ እየወጣ ሳለ አስተዳደሩም ወጥቷል። የቅኝ ግዛቱ የመጀመሪያ ዋና ከተማ ምጽዋ ነበረች፤ ሙቀቱ ግን አውሮፓውያኑን አላስቀመጣቸውም። በበጋቸው ወራት፣ ማለትም በሐምሌና በነሐሴ፣ ምጽዋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች፣ ሌሊቱም አይበርድም። መንበሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ አስመራ ተዛወረ። በዚህ ምክንያት ምጽዋ የሥራ ቦታ ብቻ መሆኗ ቀረና፣ ከደጋ የሚወረድባት፣ አረፍ የሚባልባት ከተማ መሆን ጀመረች። ወቅቱም ከአውሮፓ የባሕር ዳር ከተሞች ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ሰው ወደ ባሕር የሚሮጠው በሐምሌ ነው፣ ወደ ምጽዋ የሚወረደው ግን ከኅዳር እስከ የካቲት፣ አስመራ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ነው። በነሐሴ 1921 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን አፍርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠራው ወደብና ሰፈር ነው ያሁኑ ትውልድ የሚያውቀው።

በ1930ዎቹ ሊቶሪና መጣች። ፊያት የሠራት፣ አፍንጫዋ ድቡልቡል፣ በናፍጣ የምትሄድ ነጠላ ፉርጎ ናት፤ እንደ ከሰል ባቡሩ ጭስ ፊት ላይ አትነፋም፣ ፍጥነቷም ይሻላል። ኢትዮጵያን ለመውረር በተደረገው ዝግጅት የመኪናው መንገድ ተስፋፋ፣ በ1937 ደግሞ ከምጽዋ አስመራ ድረስ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በዘመኑ በዓለም ተወዳዳሪ ያልነበረው የገመድ ማመላለሻ ዕቃ መሸከም ጀመረ። ወደ ባሕር ለመውረድ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ ተሟላ። በዚያው በ1937 ግን ሌላ ነገር ታወጀ። በሚያዝያ ወር የወጣው የፋሺስት ሕግ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በእስር ይቀጣ ነበር። በአውቶብስ፣ በሲኒማና በቡና ቤትም ነጭና ጥቁር እንዲለያዩ ተደረገ። ልጆች ወልደው አብረው የኖሩ ሰዎች ባደባባይ አብረው መታየት ወንጀል ሆነባቸው። ስለ ሽርሽር ታሪክ ሲነገር መንገዱና ባቡሩ ብቻ ይነሣሉ፤ አብሮ መሄድ የሚቻለው ከማን ጋር ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከሐዲዱ እኩል የሚመዝን ነው።

ሚያዝያ 1941 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች ምጽዋን ሲይዙ ወደቡ ጣሊያኖች ራሳቸው ባሰጠሟቸው መርከቦች ታጭቆ ነበር። የገመድ ማመላለሻውን እንግሊዞቹ ነቃቅለው ወሰዱት። ባቡሩን ተዉት።

ምጽዋ ከሁሉ የበለጠ የሽርሽር ከተማ የሆነችው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 (እ.ኤ.አ.) ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ ያደረገው የመጀመሪያ በረራ በአስመራ በኩል ነበር፤ በዚህ መሥመር ባሕር አይቶ የማያውቀው የመሐል አገር ሰው በአንድ ቀን ቀይ ባሕር ዳር መቆም ቻለ። የባሕር ኃይል ሰፈር በ1955 ምጽዋ ላይ ተቋቋመ፣ ተከትሎም የመኮንኖች ማሠልጠኛው ተከፈተ። ኖርዌያውያን መኮንኖች ከአሠልጣኞቹ መካከል ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታም ከአዛዦቹ አንዱ ሆኑ። በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ተባለች። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥዋለት ወዳለው ቤተ መንግሥት ይወርዳሉ፣ የአሜሪካ፣ የሶቪየት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በዓሉ የሚውለው በቀዝቃዛው ወቅት ስለነበር ሕዝቡም አብሮ ይወርዳል። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካውያን ወታደሮችም የዕረፍት ቀናቸውን ምጽዋ ላይ በዋናና በዓሣ ማጥመድ ያሳልፉ ነበር።

የአንድ ቀኑ ሥርዓት የተለመደ ነው። ማለዳ ከአስመራ ይወጣል። ከከተማው ጫፍ፣ ገደሉ ከመጀመሩ በፊት፣ ከታች ያለው ዓለም በሙሉ በደመና ተሞልቶ ይታያል፤ መንገዱ ደመናው ውስጥ ገብቶ በታቹ ይወጣል። ዝንጀሮዎች በመንገዱ ዳር ተቀምጠው ከመኪና የሚወረወርላቸውን ይጠብቃሉ። ጊንዳዕ ላይ ብርቱካንና ፓፓዬ ይገዛል። ከዶጋሊ በኋላ ተራራው ያልቅና ግመሎች፣ እሾሃማ ግራሮችና የሚንቀጠቀጥ የሙቀት አየር ይመጣሉ። ከዚያ የጨው ማምረቻው ነጭ ሜዳ፣ ቀጥሎ ባሕሩ።

ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው ጉርጉሱም አሸዋው ሰፊ፣ ውሃው ቀስ እያለ የሚጠልቅ በመሆኑ ዋና ለማያውቅ ደገኛ የተመቸ ነው። የጓደኛውን እጅ ይዞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ማዕበሉ ጉልበቱን ሲነካው ይጮኻል። ደፋሩ በሞተር ጀልባ ወደ ሼኽ ሰዒድ ደሴት ይሻገራል። ፀሐይ ሲከርር ሁሉም ወደ አሮጌው ከተማ ጥላ ይመለሳል፤ ምሳ ዓሣ ነውና።

የምጽዋ ዓሣ አሠራሩ ከየመን ማዶ የመጣ ነው። ትልቁ ዓሣ ከጀርባው በኩል ከራሱ እስከ ጭራው ይሰነጠቅና እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል። ሥጋው ላይ በርበሬ ይቀባል። ከዚያ መሬት ውስጥ በተቀበረው፣ አፉ ወደ ሰማይ በተከፈተው የሸክላ ምድጃ ውስጥ ተንጠልጥሎ በፍሙ ግለት ይበስላል፤ ሲወጣ ቆዳው ከስሎ ተኮማትሯል፣ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ነው። ስሱ ቂጣም እዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል። ሁለት ሰው አንድ ዓሣ መሐላቸው አድርገው፣ አጥንቱን እየለቀሙ፣ በእጃቸው ይበላሉ። ከዚያ ዝንጅብል የበዛበት የቆላ ቡና ይከተላል። ለብቻ የሚበላ ምግብ አይደለም፤ መጠኑም ሥርዓቱም አይፈቅድም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጦርነቱ ተጀምሯል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኤርትራ የነፃነት ትግል በቆላው ነበር፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ባቡሩ ቆመ። ሐዲዱ ተነቅሎ የምሽግ ጣራ ሆነ፣ ከሥሩ ያለው እንጨትና ብረትም እንዲሁ። በታኅሣሥ 1977 (እ.ኤ.አ.) ሽርሽረኛው በመስኮት ያየው በነበረው የጨው ሜዳ፣ ሳሊና ላይ፣ ጨው ውሃ ውስጥ እየተራመዱ የሚያጠቁ ተዋጊዎች በብዛት አለቁ። ከዚያ በኋላ ከአስመራ ምጽዋ የሚሄድ መኪና በኮንቮይ፣ በታንክ እየታጀበ ነበር። በየካቲት 1990 (እ.ኤ.አ.) ለነፃነቱ የሚዋጋው ሕዝባዊ ግንባር ከተማዋን ያዘ፤ ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ወጣት ወደቀ። ከዚያም ለወራት ከአየር የወረደው ቦምብ ኗሪውን ገደለ፣ የኮራሉን ቤቶች አፈረሰ። የቤተ መንግሥቱ ጉልላት ተነድሎ ቀረ። በዚያች ከተማ በሰላሙ ጊዜ አሸዋ ላይ ፎቶ የተነሡ ጓደኛሞች፣ ዕድሜያቸው ለጦርነቱ የደረሰ ልጆች ነበሯቸው።

ከነፃነት በኋላ የተደረገው የባቡሩ ጥገና ብቻውን አንድ መጽሐፍ ያስጽፋል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሥራው ሲጀመር የተጠሩት ጡረታ የወጡ የድሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ሐዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው አመጡ፣ በ1930ዎቹ የተሠሩትን የአንሳልዶ ሎኮሞቲቮች ፈታትተው ጠገኑ፣ የጠፋውን መለዋወጫ እዚያው አስመራ ጋራዥ ውስጥ ቀጥቅጠው ሠሩት። የውጭ ድርጅቶች ያቀረቡት ዋጋ ውድ ነው ተብሎ ስለተተወ ሥራው በአገሩ እጅ ነው ያለቀው። በ2003 ሐዲዱ እንደገና አስመራ ገባ። ሊቶሪናዎቹም ተነሡ። ሆኖም ባቡሩ የዘወትር መጓጓዣ አልሆነም፤ ለጉብኝት ሲከራይ፣ ብዙውን ጊዜ ከአስመራ እስከ ነፋሲት ደርሶ ይመለሳል። ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሰው አውቶብስ ይሳፈራል። በየካቲት፣ ከተማዋ የተያዘችበት የፈንቅል ዘመቻ መታሰቢያ ሲከበር ከአስመራ የሚወርደው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ያ ሳምንት የሚውለውም የባሕር ኃይል ቀን ይከበርበት በነበረው በዚያው ለስላሳ ወቅት ነው።

ለኢትዮጵያውያን መንገዱ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) የድንበር ጦርነት ጀምሮ ለሃያ ዓመት ተዘጋ። በሐምሌ 2018 የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ ተጀመረ፣ በመስከረም የየብሱ ድንበር ተከፈተ። ያ በር ብዙ አልቆየም፤ ድንበሩ ወራት ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ፣ የአየር መንገዱ በረራም በመስከረም 2024 ተቋረጠ። በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ግን ከአዲስ አበባና ከመቀሌ የተነሡ ሰዎች ከዘመዶቻቸው ጋር ተገናኝተው ምጽዋ ወርደዋል። የወረዱት በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም፣ ምጽዋ እንደ ምጣድ በምትግልበት፣ ኗሪዋ ራሱ የሚችለው ሁሉ ወደ ደጋ በሚሸሽበት ወራት ነው። ወቅቱ እስኪቀዘቅዝ የጠበቀ አልነበረም።